ከአንድ እፍኝ ከሰል አንድ ክፍል ሙሉ አደጋ፦ የጋዝ ሕጎች በቤታችንና በጎተራችን

በደጋማ አካባቢዎች ሌሊቱ ሲበርድ ፍም የያዘ ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የቆየ ልማድ ነው። ከሰሉ መጀመሪያ ደጅ ይቀጣጠላል፤ ጭሱ እስኪጠራ ይጠበቃል፤ ከዚያም «አሁን ጭሱ ወጥቶለታል» ተብሎ ወደ ቤት ይገባና በሩ ይዘጋል። በዓይን የሚታየው ጭስ በእርግጥ ጠርቷል። ፍሙ ግን ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ማመንጨቱን አላቆመም።

ታዲያ በአንድ አነስተኛ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ጋዝ ለማመንጨት ስንት ከሰል ይበቃል? ብዙ ሰው «አንድ ማንደጃ ሙሉ» ብሎ ሊገምት ይችላል። ትክክለኛው መልስ በግራም የሚቆጠር ነው። መልሱን ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ተማሪዎች በሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ትምህርት የሚያገኟቸው የጋዝ ሕጎችና «የሞል ይዘት» የተባለው ጽንሰ ሐሳብ ይበቃሉ። እነዚህ ሕጎች ለፈተና ተሸምድደው የሚረሱ ቀመሮች ተደርገው መታየታቸው የሚያስቆጭ ነው፤ ከሰል የሚያነድ፣ በሲሊንደር ጋዝ የሚያበስል ወይም እህሉን ከነቀዝ ለመከላከል መድኃኒት የሚጠቀም ሰው ሁሉ በየዕለቱ የሚኖርባቸው ናቸውና።

ነገሩን ከአየር እንጀምር። አየር ባዶ ነገር አይደለም፤ ይመዝናል፤ ይገፋል። በአየርላንድ የተወለደው ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ በ1662 ይፋ ባደረገው ሥራው፣ ወደ ላይ በታጠፈ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ጥቂት አየር አግዶ በላዩ ሜርኩሪ እየጨመረ ሲጫነው ምን እንደሚሆን ለካ። ግፊቱ እጥፍ ሲሆን የታገደው አየር ይዘት በግማሽ ቀነሰ። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ይዘቱ በዚያው ልክ ያንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ደግሞ ይዘቱ ይሰፋል። ይህ የቦይል ሕግ ይባላል፤ የሚሠራውም መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ ሲቀር ነው።

የቦይልን ሕግ በዓይኑ ማየት የሚሻ ሰው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ይመልከተው። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ደጀን ላይ ክዳኑን አጥብቀው ይዝጉት። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ድልድዩ ዘንድ ሲደርሱ ፕላስቲኩ የሰው እጅ የጨመቀው ያህል ተጨማዶ ይገኛል። በውስጡ ያለው የደጋ አየር ስስ ነው፤ የበረሃው አየር ግን ከላዩ የተሸከመው የአየር ክምር ስለሚበልጥ ከውጭ አጥብቆ ይገፋዋል። በረሃው ሞቃታማ ባይሆን ኖሮ ፕላስቲኩ ከዚህም በላይ ይጨማደድ ነበር።

ሙቀት ጋዝን እንደሚያሰፋ ያጠናው ፈረንሳዊው ዣክ ቻርልስ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ በ1783 በሃይድሮጂን የተሞላ ፊኛ ላይ ተሳፍሮ ወደ ሰማይ የወጣ ሰው ነው። ቻርልስ ጥናቱን በጽሑፍ አላወጣውም። የአገሩ ሰው ጌይ ሉሳክ እ.ኤ.አ በ1802 የራሱን ልኬት ሲያሳትም የቻርልስን ቀዳሚነት በመመስከሩ፣ ሕጉ እስከ ዛሬ የቻርልስ ሕግ እየተባለ ይጠራል። ግፊቱ ካልተለወጠ ማንኛውም ጋዝ መጠነ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር፣ በ0 ዲግሪ ከነበረው ይዘት ላይ 1/273ኛውን ይጨምራል። ስሌቱ ቀላል እንዲሆን መጠነ ሙቀት የሚቆጠረው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ከሚሆነው ነጥብ ጀምሮ ነው። በዚህ አቆጣጠር 20 ዲግሪ ሴልሺየስ 293 ኬልቪን ይሆናል። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሴልሺየሱን ወደ ኬልቪን ሳይቀይሩ ወደ ቀመሩ ያስገቡታል። በዚያ አካሄድ ከ10 ወደ 20 ዲግሪ የሞቀ አየር እጥፍ ሰፋ ማለት ነው፤ እውነቱ ግን ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ብቻ መስፋቱ ነው።

እስካሁን ያየነው አንድ ጋዝ ሲጨመቅና ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ነው። ከሰሉ ስንት ጋዝ እንደሚያወጣ ለማወቅ ግን ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል። ይህን ያገኘው የቱሪኑ አሜዴዮ አቮጋድሮ ነው። እ.ኤ.አ በ1811 ባቀረበው ሐሳብ፣ በእኩል ግፊትና በእኩል መጠነ ሙቀት ላይ ያሉ እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች፣ ዓይነታቸው ምንም ይሁን ምን፣ እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች ይይዛሉ አለ። በዘመኑ የሰማው አልነበረም ማለት ይቻላል። የአገሩ ሰው ካኒዛሮ እ.ኤ.አ በ1860 በካርልስሩኸ በተደረገው የኬሚስቶች ጉባኤ ላይ ሐሳቡን ሲያነሣው አቮጋድሮ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

ነገሩ መጀመሪያ ሲሰሙት ለማመን ይከብዳል። አንድ ቁና በቆሎና አንድ ቁና ጤፍ የፍሬያቸው ቁጥር እኩል ነው እንደማለት ይመስላልና። እህል ግን ፍሬ ከፍሬ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ በቁናው ውስጥ ቦታውን የሚይዘው ፍሬው ራሱ ነው። የጋዝ ሞለኪውሎች ግን እጅግ ተራርቀው ይበርራሉ፤ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሞለኪውሎቹ ራሳቸው የያዙት ቦታ ከጠቅላላው ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። የቀረው ባዶ ነው። ስለዚህ ይዘቱን የሚወስነው የሞለኪውሉ ትልቅነት ወይም ትንሽነት ሳይሆን ቁጥሩ፣ ግፊቱና መጠነ ሙቀቱ ነው።

ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ መቁጠር ስለማይቻል ኬሚስቶች በሞል ይቆጥራሉ። ሞል እንደ ደርዘን ነው። ደርዘን 12 ፍሬ እንደሆነ ሁሉ፣ አንድ ሞልም 602 ብለን 21 ዜሮ ብንደረድርበት የምናገኘው ቁጥር ያህል ቅንጣት ነው። የሞል ጥቅሙ ከሚዛን ጋር መገናኘቱ ላይ ነው፦ አንድ ሞል ካርቦን 12 ግራም፣ አንድ ሞል ውኃ 18 ግራም፣ አንድ ሞል ካርቦን ሞኖክሳይድ 28 ግራም ይመዝናል። አንድ ሞል የሆነ ማንኛውም ጋዝ የሚይዘው ቦታ ደግሞ የሞል ይዘት ይባላል። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው 22.4 ሊትር የተባለው ቁጥር ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። 22.4 ሊትር ትክክል የሚሆነው በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በባሕር ወለል ግፊት ነው። በኢትዮጵያ ምድር ይህ ሁኔታ በተፈጥሮ የሚገኝበት ሥፍራ የለም፤ ቆላው ይሞቃል፣ ደጋው ከፍ ያለ ነውና። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳር የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉን ከመቶ 80 ያህል ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ስናሰላው (22.4 በ293 ተባዝቶ፣ ለ273፣ ቀጥሎም ለ0.80 ተካፍሎ) አንድ ሞል ጋዝ 30 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ ወደ 33 ሊትር ይጠጋል። በመተማ ቆላ በ35 ዲግሪ ሙቀት ደግሞ 27 ሊትር ገደማ ነው። ቁጥሩን ብቻ ሸምድዶ ባሕር ዳር ላይ የሚጠቀም ተማሪ ይዘቱን ከሩብ በላይ አሳንሶ ያገኛል።

አሁን ወደ መኝታ ክፍሉ እንመለስ። ወርዱና ርዝመቱ ሦስት ሦስት ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 22,500 ሊትር አየር ይይዛል። ባሕር ዳር ላይ ይህ ለ30 ሲካፈል 750 ሞል ነው። አንድ ሞል አየር 29 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ባዶ መስሎ በሚታየው ክፍል ውስጥ ያለው አየር ከ21 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ከአንድ ፈረሱላ ይበልጣል ማለት ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሕይወት ቅጽበታዊ አደጋ ብሎ የመደበው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች ውስጥ 1,200ው ነው። ከ750 ሞል ውስጥ ይህ 0.9 ሞል ይሆናል። አንድ የካርቦን አቶም አንድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል ስለሚያስገኝ፣ የሚያስፈልገው ካርቦን 0.9 ሞል፣ ማለትም 10.8 ግራም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በዚያው ስፋት ባለ ክፍል አየሩ ስስ በመሆኑ 10 ግራም እንኳ አይሞላም።

ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ከሚነደው ውስጥ ብዙው እጅ ብዙም ጉዳት ወደሌለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚለወጥ፣ ጥቂቱም ጋዝ በበርና በጣሪያ ስንጥቅ እንደሚወጣ እሙን ነው። ይሁንና ግማሽ ኪሎ ከሰል በያዘ ማንደጃ ውስጥ 11 ግራም ማለት ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ነው። በሩ ተዘግቶ አየሩ ኦክስጅን ባነሰው ቁጥር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ የሚወጣው እጅ ይጨምራል። ጋዙ በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ምልክቶቹ ናቸው፤ ለተኛ ሰው ግን ምልክት የሚነቃበት ጊዜ ላይኖር ይችላል። በከሰል ጋዝ የታመመን ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ኦክስጅን ወደሚሰጥበት የጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። በማንደጃው አጠገብ ውኃ ማስቀመጥ አያድንም፤ ይህ ጋዝ በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟምና።

የአቮጋድሮ ሐሳብ ሌላም ነገር ይነግረናል፦ የትኛው ጋዝ ወደ ላይ እንደሚወጣና የትኛው ወደ ታች እንደሚተኛ። እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል የሞለኪውል ቁጥር ከያዙ፣ ክብደታቸውን ለማወዳደር የአንድ ሞላቸውን ክብደት ማየት በቂ ነው። የአየር 29 ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ 28 በመሆኑ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ክፍሉን ሁሉ ይሞላል፤ አልጋ ላይ ወይም መሬት ላይ መተኛት ለውጥ የለውም። የባዮጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሜቴን 16 ብቻ ስለሆነ ወደ ጣሪያ ይወጣል። በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ግን የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው፤ የፕሮፔን ሞል 44፣ የቡቴን ደግሞ 58 ግራም ይመዝናል። ቡቴን ከአየር እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ሲሊንደሩ ቢያፈስስ ጋዙ እንደ ውኃ ወለሉን ተከትሎ ይተኛል፤ በበር ሥር አልፎም ወደ ሌላ ክፍል ይፈስሳል። ላይኛውን መስኮት ከፍቶ «አየር ገብቷል» ማለት ስለዚህ አያስተማምንም። በሩን ወለል አድርጎ መክፈት፣ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አለመንካት፣ ክብሪት አለመጫር፣ የሲሊንደሩን መክፈቻ መዝጋትና ሰዎችን ማስወጣት ይገባል።

12 ኪሎ ግራም ቡቴን የያዘ ሲሊንደር 207 ሞል ያህል አለው። ባሕር ዳር ላይ ሙሉ በሙሉ ቢለቀቅ ከ6,000 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ የያዘው ቦታ ከአንድ ጄሪካን ብዙም አይበልጥም። በነገራችን ላይ የጋዝ ሕጎች የማይሠሩበት አንድ ቦታ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ጋዙ እየቀነሰ ሲሄድ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም አብሮ ይቀንሳል ብሎ ያስባል። በውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግን መጠነ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊቱ አይለወጥም፤ የወጣውን ጋዝ ፈሳሹ እየተነነ ይተካዋል። የቀረውን መጠን የሚናገረው ሚዛን እንጂ የግፊት መለኪያ አይደለም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድም 44 በመሆኑ ከአየር ይከብዳል። እህል በጉድጓድ በሚቀበርባቸው አካባቢዎች እህሉና ነቀዙ ሲተነፍሱ ኦክስጅኑን ጨርሰው ይህን ጋዝ በጉድጓዱ ሥር ያጠራቅማሉ። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ዘልሎ መግባት፣ ወይም የወደቀን ሰው ለማውጣት ተከትሎ መግባት፣ አንዱን ሞት ሁለት ያደርገዋል። ከፍቶ በቂ ጊዜ ማናፈስና ለብቻ አለመግባት ይበጃል።

ለአርሶ አደሩ ከሁሉ የከፋው የነቀዝ ኪኒን ነው። በተለያየ የንግድ ስም የሚሸጠው ይህ መድኃኒት አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። ኪኒኑ ራሱ ነቀዝን አይገድልም፤ በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ እጅግ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው። ነቀዙንም፣ ሰውንም።

ሦስት ግራም የሚመዝን አንድ ኪኒን አንድ ግራም ያህል ፎስፊን ያመነጫል። የፎስፊን ሞል 34 ግራም ነው፤ ስለዚህ አንድ ግራም 0.029 ሞል ይሆናል። ባሕር ዳር ላይ ይህ አንድ ሊትር የማይሞላ ጋዝ ነው፤ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን 750 ሞል አየር ባለው በዚያው ክፍል ውስጥ ሲበተን ከአንድ ሚሊዮን ሞለኪውሎች 39ኙ ፎስፊን ይሆናሉ። በሥራ ቦታ ለስምንት ሰዓት የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን ከሚሊዮን 0.3 ነው። አንዲት ኪኒን ከዚህ 130 ጊዜ ያህል ታልፋለች። ለሕይወት ቅጽበታዊ አደጋ ተብሎ የተመደበው ደግሞ ከሚሊዮን 50 ነው፤ ሁለት ኪኒን ይህን ይሻገረዋል። በአንድ ጎታ ወይም በጥቂት ከረጢቶች ውስጥ ሁለት ሦስት ኪኒን ጨምሮ እህሉን ከሚተኛበት ክፍል ጥግ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጋዙ በጆንያ ሽመና፣ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅና በጣውላ ክፍተት ያልፋል። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ሊኖረው ቢችልም ሽታውን ማመን አይገባም። ኪኒኑ በደረቅና በቀዝቃዛ አየር ጋዙን የሚለቀው ቀስ እያለ፣ ቀናት ወስዶ ነው፤ የመጀመሪያው ሌሊት በሰላም ማለፉ ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም። የተረፈውን ኪኒን ውኃ ውስጥ መጣል ደግሞ ጋዙ በአንድ ጊዜ እንዲወጣ፣ አልፎም እሳት እንዲነሣ ያደርጋል። ለፎስፊን ማርከሻ መድኃኒት የለም። ሰው በሚያድርበት፣ ከብት በሚታሰርበት ወይም ከእነዚህ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ቤት ውስጥ ፈጽሞ መጠቀም አይገባም፤ በሌላም ሥፍራ ቢሆን ከግብርና ባለሙያ ጋር መሆን አለበት።

አማራጩ ያው የጋዝ ጉዳይ ነው። አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ያለ መርዝ ይሠራል። እህሉ በደንብ ደርቆ ከተሞላ በኋላ አፉ ተጠምዝዞ ሲታሰር፣ ነቀዙ በውስጡ የቀረውን ኦክስጅን ራሱ ተንፍሶ ይጨርሰዋል፤ ከዚያም መብላትና መራባት ያቆማል። ከረጢቱ እስከ አፉ መሞላት ያለበትም ለዚህ ነው፦ በላዩ የቀረ ባዶ ቦታ ሁሉ ለነቀዙ የተተወ የኦክስጅን ስንቅ ይሆናል። በየሳምንቱ ከፍቶ ማየትም እንዲሁ ስንቁን ማደስ ነው።

የሞል ይዘትን በእጃቸው ለክተው ማየት ለሚሹ ተማሪዎችና መምህራን አደጋ የሌለው መንገድ አለ። 4.2 ግራም የዳቦ ሶዳ 0.05 ሞል ነው፤ ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል ያንኑ ያህል ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሶዳውን ወደ 100 ሚሊ ሊትር አቼቶ ጨምሮ ወዲያው ቀጭን ቱቦ ባለው ክዳን መዝጋት፣ የቱቦውን ጫፍ ደግሞ ውኃ ተሞልቶ በሳፋ ውኃ ውስጥ በተደፋ ባለ ሁለት ሊትር ፕላስቲክ ሥር ማስገባት ነው። ባሕር ዳር ላይ ስሌቱ 1.5 ሊትር ይላል። ልኬቱ ከዚያ ጥቂት አንሶ ይገኛል፤ የጎደለው በአቼቶውና በሳፋው ውኃ ውስጥ ሟሙቶ የቀረው ጋዝ ነው።